ማዕድናትንና የከበሩ ድንጋዮችን በኤክስሬይ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድንጋይ ይዘው ወደ ላቦራቶሪ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሐኪም ቤት ከምንነሳው ራጅ ጋር አንድ ነው?

ጨረሩ አንድ ነው፣ አጠቃቀሙ ይለያያል። ሐኪም ቤት ጨረሩ ሥጋን በቀላሉ ያልፋል፣ አጥንት ላይ ሲደርስ ግን ይቸገራል፤ ፊልሙ ላይ የምናየው የአጥንቱን ጥላ ነው። ማዕድን ላቦራቶሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ አንፈልግም። የምንከታተለው ጨረሩ ድንጋዩን መትቶ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ፣ አለዚያም ድንጋዩ ራሱ ተነክቶ ምን ዓይነት ጨረር መልሶ እንደሚለቅ ነው። ጥላው የሚያስፈልግባቸው ጥቂት ድንጋዮችም አሉ፤ ሉል ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ልምድ ያለው ሰው ድንጋይን በዓይኑ አይለይም?

ብዙውን ይለያል። ቀለም ግን ትልቅ አታላይ ነው። በእንግሊዝ ዘውድ ፊት ለፊት የተቀመጠው ታዋቂ ቀይ ድንጋይ ስሙ «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» ሲሆን ድንጋዩ ግን ሩቢ አይደለም፣ ስፒኔል የሚባል ሌላ ማዕድን ነው። የነገሥታት ግምጃ ቤት ጠባቂዎች ለብዙ ዘመን ከተሳሳቱ፣ አንድ ነጋዴ በገበያ መካከል ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ይሁንና ለሩቢና ለስፒኔል ብቻ ሲባል ኤክስሬይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የተሞረደ ድንጋይ ከሆነ የብርሃን ስብረትን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል፤ ሩቢ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.76 እና 1.77 አካባቢ ሲሆን የስፒኔል 1.72 ገደማ ነው። ይህን የምለው ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ነው። ኤክስሬይ የሚያስፈልገው ድንጋዩ ጥሬ ሆኖ ለስላሳ ገጽ ሲያጣ፣ ዱቄት ወይም አፈር ሲሆን፣ ብዙ ማዕድን ተቀላቅሎበት ሲገኝ ነው።

ዳሎልን እንውሰድ። ከአሞሌው ጨው ጋር በአንድ አካባቢ ሲልቫይትና ካርናላይት የሚባሉ የፖታሽ ማዕድናት አሉ። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ሲልቫይት ደግሞ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ። ሁለቱም ንጹሕ ሲሆኑ ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ሲሰበሩ ባለ አራት ማዕዘን ሆነው ይሰነጠቃሉ። የቀመሰ ሰው ሲልቫይት እንደሚመር ያውቃል፤ የተቀላቀለ ናሙና ውስጥ የትኛው ምን ያህል እንዳለ ግን ምላስ አይናገርም።

መሣሪያው በትክክል የሚያየው ምንድን ነው?

የነጠላ ጥለት አንድ ዓይነት ቅርጽ እየደጋገመ እንደሚሄድ፣ ክሪስታል ውስጥም አቶሞች ተመሳሳይ አደራደር እየደጋገሙ ንጣፍ በንጣፍ ይቀመጣሉ። በንጣፎቹ መካከል ያለው ርቀት ለእያንዳንዱ ማዕድን የራሱ ነው። በ1912 የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፎን ላወ ያቀረበውን ሐሳብ ተከትሎ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበተን ታየ። ወዲያው ደግሞ አባትና ልጅ፣ ዊልያም ሄንሪ ብራግና ዊልያም ሎረንስ ብራግ፣ ጨረሩ የሚወጣበትን ማዕዘን ከንጣፎቹ ርቀት ጋር የሚያገናኘውን ቀመር አወጡ። በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ልጁ ገና 25 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ከፈቷቸው ክሪስታሎች መካከል ሁለቱ የወጥ ጨውና ሲልቫይት መሆናቸው ሁሌ ይገርመኛል፤ የዳሎል ድንጋዮች የዚህ ሳይንስ መነሻ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ የጨረሩ ሞገድ ርዝመት የንጣፉ ርቀት በሁለትና በማዕዘኑ ሳይን ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እኩል ይሆናል። አብዛኛው ላቦራቶሪ የሚጠቀመው የመዳብ ጨረር ሞገዱ 1.54 አንግስትሮም ነው (አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። ኳርትዝ ላይ ስንተኩሰው ከሁሉ የጠነከረው ምላሽ 26.6 ዲግሪ ላይ ይመጣል። ይህ ቁጥር የማዕዘኑ እጥፍ ነው፤ ግማሹን ወስደን ስናሰላው 3.34 አንግስትሮም ይሰጠናል። ከደብረ ብርሃንም ይምጣ ከብራዚል፣ ኳርትዝ ከሆነ ይህ ቁጥር አይለወጥም። የወጥ ጨው 31.7 ዲግሪ ላይ፣ ሲልቫይት 28.3 ዲግሪ ላይ ይመልሳሉ፤ ከላይ የጠቀስኩት የዳሎል ችግር በዚህ ይፈታል።

ኤክስአርዲ እና ኤክስአርኤፍ ይባላሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ግራ መጋባቱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ስለዚህ በደንብ ይያዝ። ኤክስአርኤፍ ድንጋዩ ተነክቶ መልሶ ከሚለቀው ጨረር ተነስቶ ውስጡ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ይቆጥራል፤ ብረት ይህን ያህል፣ ካልሲየም ይህን ያህል ይላል። ኤክስአርዲ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ጨረሩ ከሚወጣበት ማዕዘን ተነስቶ ንጥረ ነገሮቹ እንዴት እንደተደረደሩ ይናገራል። በአንድ ዓይነት ድንጋይና ጭቃ ጎጆም አጥርም ይሠራል፤ ኤክስአርኤፍ ድንጋይና ጭቃ መኖሩን፣ ኤክስአርዲ ጎጆ ይሁን አጥር ይነግረናል።

ካልሳይትና አራጎናይት ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ወርቅ መስሎ ስንቱን ያታለለው ፓይራይትና ዘመዱ ማርካሳይት ሁለቱም የብረትና የድኝ ውህድ ናቸው፣ በተመሳሳይ መጠን። አልማዝና የእርሳሱ ጥቁር ግራፋይት ሁለቱም ካርቦን ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ላይ ኤክስአርኤፍ ዝም ይላል ወይም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ ኤክስአርዲ ግን ያለ ጥርጥር ይለያቸዋል።

በሌላ በኩል ኤክስአርዲ ቀለም የሚሰጠውን ጥቂት ክሮሚየም አያይም። ጥያቄዎ «ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?» ከሆነ ኤክስአርዲ ይጠይቁ፤ «ውስጡ ምን አለበት?» ከሆነ ኤክስአርኤፍ።

ድንጋዬ ይፈጫል?

የተለመደው ኤክስአርዲ የሚሠራው በዱቄት ነው፤ አዎ፣ የተሰጠው ናሙና በአጌት ሙቀጫ ይደቅቃል። ለተለመደው መያዣ አንድ ግራም ገደማ ይበቃል፤ ልዩ መያዣ ባለበት ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ። ዱቄቱ እንደ ነጭ ዱቄት ሳይሆን እንደ ታልክ ፓውደር የላመ መሆን አለበት፤ ሸካራ ከቀረ ግራፉ ያታልላል።

የተሞረደ ዕንቁ ግን ማንም አይፈጭም። ለእርሱ ሦስት መንገዶች አሉ። ቀለበት ውስጥ በማይታየው ጎን በኩል ጥቂት ብናኝ መፋቅ ይቻላል፤ አንድ ነጠላ ክሪስታል በሚያነበው መሣሪያ ሳይነካ ማስነበብ ይቻላል፤ ወይም ራማን የሚባለውን የሌዘር ምርመራ መጠቀም ይቻላል። የመጨረሻው ለተሞረደ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ኤክስሬይ ቢሆንም እውነቱን መደበቅ አልፈልግም።

ግራፉን እንዴት ላንብበው?

ከግራ ወደ ቀኝ ማዕዘኑ ይጨምራል፤ ወደ ላይ የምላሹ ጥንካሬ። ቀጭንና ሹል ጫፎች ካዩ ክሪስታሉ በሥርዓት የተደረደረ ነው። እንደ ተራራ የተንሰራፋ ሰፊ ጉብታ ብቻ ካዩ ሥርዓት የለውም፤ ብርጭቆ እንዲህ ነው። ላቦራቶሪው የጫፎቹን ቦታ ከማመሳከሪያ ቋት ጋር ያነጻጽራል። ይህ አሠራር በ1938 ሃናዋልት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 1000 የሚሆኑ ውህዶችን መዝግበው ካቀረቡበት ጊዜ ጀምሮ የመጣ ነው፤ ዛሬ ሥራውን ኮምፒዩተር ያከናውነዋል።

ቢያንስ ሦስቱ የጠነከሩ ጫፎች በቦታቸው መገኘት አለባቸው። በአንድ ጫፍ ብቻ «ኳርትዝ ነው» ብሎ የጻፈ ውጤት ካጋጠመዎ ይመልሱት።

የወሎ ኦፓል አስመርምሬ «ክሪስታሉ የተዛባ» ተባልኩ። ሐሰተኛ ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ መባሉ መልካም ምልክት ነው። ኦፓል እንደ ኳርትዝ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ሆኖ ውሃ ያዘለ ነው፤ አቶሞቹ ግን እንደ ኳርትዝ በሥርዓት አልተሰለፉም። ከአውስትራሊያ የሚመጣው በደለል ውስጥ የተፈጠረ ኦፓል 22 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰፊ ጉብታ ብቻ ያሳያል፤ ይህ ኦፓል-ኤ ይባላል። በ2008 ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘውና ዓለምን ያስደነቀው ኦፓል ደግሞ በእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መካከል የተፈጠረ ሲሆን ኦፓል-ሲቲ ነው። ፊደሎቹ ክሪስቶባላይትና ትሪዲማይት ከሚባሉት የሲሊካ ዓይነቶች የተወሰዱ ናቸው፤ የሁለቱ አደራደር እየተዘበራረቀ የተቀላቀለበት ማለት ነው። ግራፉ ላይ 21.7 ዲግሪ አካባቢ ወፈር ያለ ጫፍ፣ ከጎኑ ትንሽ ትከሻ፣ 36 ዲግሪ አካባቢም ሌላ ጫፍ ይታያል። ኦፓል ተብሎ የሚሸጥ ብርጭቆ እንዲህ ያለ ምስል አይሰጥም። ከወሎ የመጣ ድንጋይ ኦፓል-ሲቲ ከተባለ ከትውልዱ ጋር ይስማማል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው። ኦፓል ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚያብረቀርቀው ውስጡ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች በእኩል ርቀት ስለተደረደሩ ነው። የእንክብሎቹ ርቀት ከሚታየው ብርሃን ሞገድ ጋር ስለሚቀራረብ ብርሃኑ ልክ በብራግ ቀመር መሠረት ይበተናል። መሣሪያው በኤክስሬይ የሚሠራውን ኦፓል በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። ለኤክስሬይ ግን እንክብሎቹ እጅግ ስለሚራራቁ የቀለሙ ውበት የተለመደው ግራፍ ላይ አይታይም፤ ጥራቱንና ዋጋውን ከዚያ ወረቀት አይጠብቁ።

በጭስ የጠቆረ ወይም ቀለም የጠጣ ኦፓልም በኤክስአርዲ አይያዝም። የወሎ ኦፓል ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ለዚህ ነው ጭስም ቀለምም በቀላሉ የሚገባበት። እርሱን በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ይፈልጉ። በካራት የሚገዙ ከሆነም ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ እንዳይመዘንብዎ አድርቀው ይመዝኑ።

ሽጉጥ የሚመስለው የእጅ መሣሪያ ኤመራልድንና ሊቲየምን ያገኛል?

አያገኝም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ተጎድቷል። የእጅ መሣሪያው ኤክስአርኤፍ ነው። ቀላል ንጥረ ነገሮች ሲነኩ የሚለቁት ጨረር እጅግ ደካማ ስለሆነ ከድንጋዩ ሳይወጣ፣ ቢወጣም አየሩንና የመሣሪያውን መስኮት ሳያልፍ ይቀራል። ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ቦሮን፣ ካርቦን፣ ኦክስጅን ለእርሱ የሉም።

ኤመራልድ የቤሪል ዓይነት ነው፣ ቤሪል ያለ ቤሪሊየም ቤሪል አይሆንም። መሣሪያው ግን ሲሊከንና አሉሚኒየም፣ ከዚያም ትንሽ ክሮሚየም ወይም ቫናዲየምና ብረት ያሳያል፤ ቤሪሊየምን ይዘለዋል። ስለዚህ «ቤሪሊየም የለውም፣ ኤመራልድ አይደለም» የሚል ገዢ ዋጋ ለማውረድ ሲጠቀምበት ሻጩ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሊቲየም ላይም እንዲሁ ነው። በጉጂ ቀንጢቻ ያለው ፔግማታይት የሚባል ትልልቅ ክሪስታሎች ያሉት ድንጋይ በታንታለም የታወቀ ሲሆን ስፖዱሚን የተባለ የሊቲየም ማዕድንም አለበት። የእጅ መሣሪያው ታንታለምንና ኒዮቢየምን በሚገባ ያያል፣ ከባዶች ናቸውና፤ ስፖዱሚኑን ግን ፌልድስፓር ከሚባለው ተራ ማዕድን መለየት ያቅተዋል። ኤክስአርዲ ላይ ሲወጣ ፌልድስፓር 27.5 እና 28 ዲግሪ አካባቢ፣ ስፖዱሚን ደግሞ 30.6 ዲግሪ አካባቢ ጠንካራ ጫፍ ስላላቸው በቀላሉ ይለያያሉ። የሊቲየሙን መጠን በትክክል ለማወቅ ግን ናሙናው በአሲድ ሟሙቶ በሌላ ዘዴ መለካት አለበት።

ወርቅ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ወርቅ ቤቶች ካራት የሚለኩበት መሣሪያ ይኸው ኤክስአርኤፍ ነው፤ የሚያየው የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ወፍራም ቅብ ያለበትን ወይም ውስጡ ተንግስተን የሚባል ብረት የተሞላ የወርቅ ጡብ ቢያቀርቡለት እንኳ ንጹሕ ወርቅ ብሎ ሊመልስ ይችላል። የተንግስተን ጥግግት ከወርቅ ጋር ስለሚቀራረብ ሚዛንም ብቻውን አይበቃም፤ መቦርቦር ወይም የድምፅ ሞገድ ምርመራ ያስፈልጋል።

ተፈጥሯዊና ሰው ሠራሽ መሆኑን ይለያል?

ኤክስአርዲ ብቻውን አይለይም። ኦጉስት ቬርነይ በ1902 ሩቢን በእሳት ነበልባል ማሳደግ መቻሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ ሰው የሚሠራው ሩቢ ከተፈጥሮው ጋር አንድ ዓይነት የአቶም አደራደር አለው። ግራፎቹ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ሩቢ ነው» የሚል የኤክስአርዲ ወረቀት የዋጋ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሰው ሠራሹም ሩቢ ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው ኤክስአርኤፍ ነው። የተፈጥሮ ሩቢ ከክሮሚየም ሌላ ብረት፣ ቫናዲየም፣ ጋሊየም ያሉ ጥቃቅን ጓዞች ይዞ ይገኛል። በነበልባል የተሠራው ብዙ ጊዜ ከክሮሚየም በቀር ባዶ ነው። በቀለጠ ውህድ ውስጥ ያደገው ደግሞ ሞሊብደነም ወይም ፕላቲነም ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስንጥቁ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት በያዘ ብርጭቆ የተሞላ ሩቢም ወዲያው ይጋለጣል፤ እርሳሱ ግራፉ ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ በራጅ ሲነሳም ስንጥቆቹ እንደ ጥቁር ሥር ይታያሉ። በቤሪሊየም ተጠብሶ ቀለሙ የተለወጠ ሳፋየር ግን ከኤክስሬይ ያመልጣል፣ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ኤመራልድ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ዘይትም እንዲሁ።

ሉልና አልማዝስ?

ሉል ላይ የሐኪም ቤቱ ራጅ ይመለሳል። በእርባታ የተገኘ ሉል መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ከቀንድ አውጣ መሰል የወንዝ ፍጥረት ዛጎል የተሞረደ ክብ ፍሬ አለው፤ ራጁ ላይ ድንበሩ ይታያል። የተፈጥሮው እንደ ሽንኩርት ንብርብር በንብርብር ሆኖ ይታያል። ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም ማለት ይቻላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በተለይ የተፈጥሮ ሉል ንግድ ሥር በሰደደበት ባሕሬን፣ ያለ ራጅ ትልቅ ሉል መግዛት የሚደፍር የለም።

አልማዝ ካርቦን ብቻ ስለሆነ ኤክስሬይ ሰተት ብሎ ያልፈዋል፤ አልማዝ መስለው የሚሸጡት ዚርኮኒያና የእርሳስ ብርጭቆ ግን ጥቁር ጥላ ይጥላሉ። ይህ ጠባይ በማዕድን ማውጫም ይሠራል። ቦትስዋና ካሮዌ ውስጥ በ2024 የተገኘው 2492 ካራት አልማዝ ከድንጋዩ መካከል የተለየው በኤክስሬይ መለያ ማሽን ነው። በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝን ከተፈጥሮው ለመለየት ግን ይህ አይጠቅምም።

ኤክስሬይ ድንጋዬን ያበላሻል? ጨረር ይዞ ይቀራል?

ጨረር ይዞ አይቀርም። መሣሪያው ሲጠፋ ኤክስሬዩም ያበቃል፤ ድንጋዩን ወዲያው ኪስዎ ውስጥ ማድረግ ይችላሉ። ሰዎች የሚሰሙት ወሬ የመጣው በኑክሌር ማብለያ ውስጥ ገብቶ ሰማያዊ ከሆነ ቶጳዝ ነው፤ እርሱ ለተወሰነ ጊዜ ጨረራማ ስለሚሆን እስኪበርድ ይቆያል፣ ሥራው ከኤክስሬይ ጋር አይገናኝም።

ቀለም ግን ሊለወጥ ይችላል። ረጅም ጊዜ የተተኮሰበት ነጭ ሳፋየር ቢጫ ሊሆን፣ ብርጭቆ ቡናማ ሊሆን፣ አንዳንድ ኳርትዝ ጭስ ሊመስል ይችላል። በብርሃን ብዛት የሚመለስ አለ፣ የማይመለስም አለ። ውድ ድንጋይ ሲያስረክቡ አጭር ጊዜ እንዲተኮስ፣ በማይታየው ጎን እንዲሆን አስቀድመው ይናገሩ፤ ፎቶ አንስተው ይስጡ።

አንድ ድንጋይ ሁለት ቦታ ልኬ የተለያየ ውጤት መጣ። ማንን ልመን?

መጀመሪያ የላኩት አንድ ድንጋይ መሆኑን ይጠይቁ። ከአንድ ቋጥኝ ሁለት ጎን የተሰበረ ቁራጭ ሁለት የተለያየ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሚካና ሸክላ አፈር እንደ ወረቀት ቅጠል ስለሆኑ ሲጫኑ ሁሉም በአንድ ጎን ይተኛሉ፤ አንዱ ጫፍ ከልኩ በላይ ይጎላል፣ ሌሎቹ ይጠፋሉ። ሦስተኛ፣ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት እጅ በታች የሆነ ማዕድን በተለመደው ኤክስአርዲ አይታይም፤ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

አራተኛው የሰው ስህተት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ያቀረበውን የመጀመሪያ ስም ሳያጣሩ መጻፍ። የሪፖርቱን ስም ብቻ ሳይሆን ጥሬ ፋይሉን ይጠይቁ፤ የእርስዎ ገንዘብ የወጣበት ነው። ፋይሉ ካለ ሦስተኛ ባለሙያ ድንጋዩን ሳያይ እንኳ ሊፈርድ ይችላል።

ድንጋዩ ከየት አገር እንደወጣ ይናገራል?

ኤክስአርዲ አይናገርም፤ ኤክስአርኤፍ ጥቂት ይጠቁማል። በሻኪሶ አካባቢ ሰባ ቦሩ የሚወጣው ኤመራልድ ከሺስት ድንጋይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ዛምቢያው ሁሉ ብረቱ ከፍ ይላል፤ የኮሎምቢያው ብረቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ኮሎምቢያን ማስወጣት ይቻላል፣ ሻኪሶን ከዛምቢያ መለየት ግን ይከብዳል። ለዚያ በሌዘር ብናኝ አንስቶ እጅግ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን የሚለካ መሣሪያና በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ውስጣዊ ምልክቶች ያስፈልጋሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ማነጻጸሪያ ናሙና ነው። ላቦራቶሪ «የሻኪሶ ነው» ለማለት ከሻኪሶ መውጣቱ የተረጋገጠ ድንጋይ በእጁ መኖር አለበት። ጥሬ ድንጋይ የሚያወጡ ማኅበራት ከየጉድጓዱ አንድ አንድ ቁራጭ፣ የጉድጓዱን ቦታና የወጣበትን ቀን ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ ከዓመታት በኋላ የራሳቸው ድንጋይ በሌላ አገር ስም ሲሸጥ ማስመስከር ይችላሉ።